ከጦር መርከብ ወደ ቤተ ሙከራ፤ የፓትሪክ ብላኬት ሕይወትና ሥራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኰንን ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «እናንተ የአሊዩ አምባ ልጆች፣ ባሕርን ከየት አውቃችሁት ነው?» እያሉ ሲቀልዱብን ሰንብተዋል። ቀልዱ ደስ የሚል ነው፤ መልስም አለው። አሊዩ አምባ የባሕር ኃይል መኰንን ካየች ከ180 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመሩ የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄዱ ያረፉት በእኛው ከተማ ነበር። አሊዩ አምባ በዚያን ጊዜ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች፤ የአሞሌ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ የሚገናኙባት፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው የሚገበያዩባት ከተማ ናት። ከመልእክተኞቹ መካከል የሕንድ ባሕር ኃይል መኰንን የሆነ ሌተና ባርከር የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው ባሕር በሌለበት አገር ሥራ አልፈታም። ከሐረር የሚመጡትን ነጋዴዎች ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ በየት በኩል እንዳለፉ፣ በየትኛው ውኃ ላይ እንዳደሩ እየጠየቀ፣ ዐይኑ ያላያትን የሐረርን ከተማ ሥፍራ በካርታ ላይ ለማስቀመጥ ሞከረ። ጽሑፉም በ1842 በለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታትሟል።

ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። እነዚህ መልእክተኞች ለንጉሡ ያመጡት ስጦታ ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። ከእነርሱም ጋር የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ፣ ሠዓሊ፣ ሐኪምና የመለኪያ መሣሪያ አብሮ መጥቷል። ሳይንስና ጠመንጃ በአንድ ቅፍለት ይፋትን አቋርጠዋል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ አልተለያዩም። አንድ የተማረ ሰው ዕውቀቱን ለጦር ሲያውል ምን ያደርጋል? ምንስ አላደርግም ይላል? ለዚህ ጥያቄ ከፓትሪክ ብላኬት የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ብላኬት በኅዳር 1897 በለንደን ተወለደ። ከጌታ ቤት የተወለደ አይደለም፤ አባቱ በአክሲዮን ሽያጭ ሥራ ላይ ነበር። በ1910፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ኦዝበርን ወደሚባለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ወደ ዳርትመዝ ተሻገረ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከግሪክና ከላቲን ይልቅ ሒሳብ፣ ሞተርና የእጅ ሙያ ያስተምሩ ስለነበር፣ ልጁ መሣሪያ መፍታትና መግጠም ገና በለጋነቱ ለመደ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በነሐሴ 1914 ሲፈነዳ ዕድሜው አሥራ ስድስት ነበር። ከክፍል አውጥተው መርከብ ላይ ጫኑት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ በእኛ ዘንድ የሚታወቅ ነውና። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ግንባር ሲሄድ በይፋት ያላየ ሰው የለም። ያ ልጅ በታኅሣሥ 1914 በደቡብ አትላንቲክ በፎክላንድ ደሴቶች አጠገብ በተደረገው ውጊያ ላይ ነበረ። በግንቦት 31 ቀን 1916 ደግሞ ባርሃም በተባለው ታላቅ የጦር መርከብ ላይ ሆኖ በጁትላንድ ተዋጋ። ጁትላንድ በሁለቱም ወገን በአንድ ቀንና ሌሊት ከስምንት ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት የባሕር ውጊያ ነው። ስለዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ስንሰማ፣ ብላኬት ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ ያወቀ ምሁር እንዳልነበረ እናስታውስ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ባሕር ኃይሉ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን ወጣት መኰንኖች ለስድስት ወር ወደ ኬምብሪጅ ላካቸው። ብላኬት በጥር 1919 ደረሰ። የተላከው የጎደለውን ዕውቀት ሞልቶ ወደ መርከቡ እንዲመለስ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ምን እንደሚመስል ለማየት ጎራ አለ። ብዙ ሳይቆይ ከባሕር ኃይል ሥራው ተሰናብቶ ተማሪ ሆነ። በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ሹመትና ደመወዝ ያለው ሰው፣ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ1921 በፊዚክስ ተመረቀ።

በካቨንዲሽ አለቃው ታላቁ ኧርነስት ረዘርፎርድ ነበር። ረዘርፎርድ የናይትሮጅን አቶም በአልፋ ቅንጣት ሲመታ እንደሚሰበር ደርሶበት ነበር፤ ግን ሲሰበር ያየው ሰው አልነበረም። ይህን በፎቶግራፍ የማንሳት ሥራ ለብላኬት ሰጠው። መሣሪያው የደመና ሣጥን ይባላል። በሣጥኑ ውስጥ እርጥብ አየር አለ፤ አየሩ በድንገት ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በአንኮበር ብርድ ከአፋችን እንደሚወጣው እንፋሎት ጤዛ ሊሆን ይከጅላል። በዚያ ቅጽበት ቅንጣት ካለፈ ጤዛው በመንገዱ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጭን ነጭ መስመርም ይታያል። ብላኬት መሣሪያው በየጥቂት ሰከንዱ በራሱ እየሠራ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ አደረገው። 23,000 ያህል ፎቶግራፎች አነሣ፤ በእነርሱም ላይ ከ400,000 በላይ መስመሮችን ተመለከተ። ከዚህ ሁሉ መካከል የናይትሮጅን መለወጥ የታየባቸው ስምንት ብቻ ነበሩ። ስምንት! ውጤቱ በ1925 ታተመ። ናይትሮጅኑ አልፋውን ውጦ ወደ ኦክስጅን እንደሚለወጥ የሰው ዐይን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

ይህን ሥራ በዝርዝር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስምንቱን ለማግኘት አራት መቶ ሺህውን የቆጠረ ሰው፣ በኋላ ጄኔራል ፊቱ ቆሞ «ይህ መሣሪያ ይሠራል» ቢለው በቃሉ ብቻ እሺ አይልም።

ከዚያ በኋላ ጁዜፔ ኦኪያሊኒ የሚባል ወጣት ኢጣሊያዊ በ1931 ወደ ካቨንዲሽ መጣና ሁለቱ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ከደመናው ሣጥን በላይና በታች የጋይገር ቆጣሪ አስቀመጡ፤ አንድ ቅንጣት ሁለቱንም አቋርጦ ሲያልፍ ብቻ ካሜራው ይተኩሳል። ቅንጣቱ የራሱን ፎቶግራፍ ራሱ ያነሣል ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ በ1933 የፖዚትሮንን መኖር አረጋገጡ፤ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንድ ሆነው እንደሚወለዱም አሳዩ። አሜሪካዊው አንደርሰን ፖዚትሮንን በ1932 ቀድሞ አግኝቶት ስለነበር የኖቤል ሽልማቱ በ1936 ለእርሱ ሆነ። ብላኬት በ1948 ተሸለመ። ኦኪያሊኒ ግን በሁለቱም ጊዜ ቀረ፤ ይህ እስከ ዛሬ ብዙዎችን የሚያስቆጭ ጉዳይ ነው፤ እኛንም ያስቆጨናል።

አሁን ወደ ጦሩ እንመለስ። በ1935 የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር ሄንሪ ቲዛርድ በሚባል ኬሚስት መሪነት የአየር መከላከያን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ፤ ብላኬትም አባል ሆነ። ለራዳር ሥራ በር የከፈተው ይህ ኮሚቴ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ብላኬት በመጀመሪያ የቦምብ ማነጣጠሪያ መሣሪያ በመሥራት ላይ ተሰማራ። በነሐሴ 1940 ግን የፀረ አውሮፕላን መድፈኞች አዛዥ ወደነበሩት ጄኔራል ዘንድ ተጠራ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። መድፉ አለ፤ ራዳሩም ተሠርቷል፤ ሁለቱ ግን አልተገናኙም። በለንደን ላይ የሌሊት ድብደባ በተጀመረ ጊዜ አንድ የጠላት አውሮፕላን ለመጣል 20,000 ያህል ጥይት ይተኮስ ነበር። ብላኬት ሰዎች ሰበሰበ፤ ሦስት ፊዚዮሎጂስቶች፣ የሒሳብ ሰዎች፣ የፊዚክስ ሰዎች፣ አንድ የከዋክብት ተመራማሪ፣ አንድ ቀያሽ፣ አንድ የጦር መኰንን። ወታደሮቹ «የብላኬት ሰርከስ» እያሉ ሳቁባቸው። የሰውነትን አሠራር የሚያጠና ሰው በመድፍ ዘንድ ምን ያደርጋል? የሚያደርገው ነበረው፤ ያልተሟላና የተዘበራረቀ ማስረጃ መመርመር የለመደ ሰው ነውና። በዓመቱ፣ በ1941 በጋ፣ ሃያ ሺህ የነበረው ጥይት ወደ 4,000 ወረደ።

በዚህ ሥራ መካከል አንድ ነገር አጋጠማቸው፤ እኛ ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው። በባሕር ዳርቻ ያሉት መድፈኞች በመሀል አገር ካሉት ይልቅ አንድ አውሮፕላን ለመጣል ግማሽ ያህል ጥይት ብቻ የሚጨርሱ ሆነው ተገኙ። ለምን? ራዳሩ በባሕር ላይ የተሻለ ያያል? አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ይበርራሉ? ብዙ ተባለ። በመጨረሻ መልሱ ተገለጠ። በመሀል አገር መድፈኛው «ጣልኩ» ሲል ስባሪው ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ከቁጥር ይሰረዛል። በባሕር ዳር ግን ወደ ውኃው ጠልቆ ስባሪ የሚፈልግ የለምና የተባለው ሁሉ ይመዘገባል። የባሕር ዳር መድፈኛ ከሌላው የተሻለ ተኳሽ አልነበረም፤ ሪፖርቱን የሚያጣራበት ሰው ስላልነበረ ነው። (ሪፖርት የማይመረመርበት መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ጎበዝ ሆኖ እንደሚታይ መምህራኖቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ።)

በመጋቢት 1941 ወደ ባሕር ጠረፍ አየር ኃይል፣ በጥር 1942 ወደ ባሕር ኃይል ሚኒስቴር ተዛወረ። ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ መለዮ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ለእንግሊዝ እህልና ነዳጅ የሚያመጡትን መርከቦች እያሰጠሙ ነበር። አውሮፕላን ሰርጓጅ መርከብ ሲያገኝ የሚጥለው ቦምብ 100 ጫማ ከሰመጠ በኋላ እንዲፈነዳ የተሞላ ነበር፤ ሰርጓጁ አውሮፕላኑን ሲያይ ይሰምጣልና እዚያ ጥልቀት ላይ ይደርሳል ተብሎ። ዊልያምስ የተባለ የዌልስ ፊዚክስ ሊቅ ጉዳዩን መረመረና የሐሳቡን ቀዳዳ አገኘ። ሰርጓጁ 100 ጫማ ከሰመጠ የት እንዳለ አይታወቅምና ቦምቡ መሳቱ አይቀርም። ገና ከውኃው ፊት ያልራቀው ግን ይታያል፤ ሊመታም ይችላል፤ ቦምቡ ግን ከበታቹ ርቆ ይፈነዳል። ስለዚህ ቦምቡ ቀርቦ እንዲፈነዳ ይሁን ተባለ፤ በኋላም መሞያው ወደ 25 ጫማ ወረደ። አዲስ ቦምብ አልተሠራም፤ አዲስ አውሮፕላን አልተገዛም፤ የተለወጠው ቁጥር ብቻ ነው። የተማረኩ ጀርመናውያን ግን እንግሊዞች አዲስና ኃይለኛ ፈንጂ አግኝተዋል ብለው ያምኑ ነበር።

ስለ መርከቦቹ ጉዞ ያገኙት ውጤት ደግሞ ለሲራራ ነጋዴ ልጅ ለማስረዳት የሚቀል ነው። መርከቦች በቅፍለት ሆነው፣ በጠባቂ መርከቦች ተከበው ይሄዱ ነበር። የባሕር ኃይሉ እምነት ትንሽ ቅፍለት ይሻላል፤ ትልቅ ቅፍለት ለጠላት ትልቅ ዒላማ ነው የሚል ነበር። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ከ40 መርከብ በታች ያለው ቅፍለት ከመቶ 2.5 ሲያጠፋ፣ ከ40 በላይ የሆነው የሚያጠፋው ከመቶ 1.1 ነበር። ምክንያቱ የጂኦሜትሪ ነው። ከታጁራ ወደ አሊዩ አምባ የሚመጣ ሃያ አምስት ግመል ያለው ቅፍለት ሌሊት ክብ ሠርቶ ቢያድርና ዘበኞች በክቡ ዙሪያ ቢቆሙ፣ ግመሉ መቶ በሆነ ጊዜ የሚያድሩበት መሬት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የክቡ ዙሪያ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አራት እጥፍ ንብረት በሁለት እጥፍ ዘበኛ ይጠበቃል። ብላኬትና ጓደኞቹ ይህን ለአዛዦቹ ከማቅረባቸው በፊት ራሳቸውን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጆቻችንን ወደ አሜሪካ ብንልክ በትልቁ ቅፍለት እንልካቸዋለን ወይስ በትንሹ? በትልቁ እንልካለን ብለው ከተስማሙ በኋላ ነው ምክሩን የሰጡት። ሌላውን የምንመክረውን በራሳችን ልጅ ላይ እንመክራለን ወይ ብሎ የሚጠይቅ መካሪ ብዙ አይገኝም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ለሁሉም ደስ ይላል። የሚቀጥለው ግን ያጣላል።

በመጋቢት 1942 የጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል የሳይንስ አማካሪ ሎርድ ቸርዌል አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ይዘቱም የጀርመን ታላላቅ ከተሞች ሠራተኛው የሚኖርበት ሠፈር ተመርጦ ቢደበደብ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከሕዝቡ ሲሶው ቤት አልባ ይሆናል፤ የሕዝቡም መንፈስ ይሰበራል የሚል ነበር። ማስታወሻው ሒሳብ ነበረው፤ አንድ ቶን ቦምብ ስንት ቤት ያፈርሳል፣ አንድ አውሮፕላን ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ እያለ ይዘልቃል። ቲዛርድ ሒሳቡን አይቶ አምስት እጥፍ ተጋንኗል አለ። ብላኬት ለብቻው ሠርቶ ስድስት እጥፍ ተጋንኗል አለ። ከዚህም በላይ፣ እነዚያ አውሮፕላኖች ሰርጓጅ መርከቦችን ለማደን ቢሰጡ ጦርነቱን ለማሸነፍ የበለጠ ይረዳሉ ብሎ ተከራከረ። አልሰሙትም። ቸርችል ከቸርዌል ጋር ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ምርመራ ሲደረግ ግምቱ አሥር እጥፍ ያህል የተጋነነ ሆኖ ተገኘ።

ጓደኞቻችን፤ እኛ የይፋት ሰዎች «ቤት አልባ» የሚለውን ቃል በሒሳብ ብቻ አናነበውም። በ2021 አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ሲወጣ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ቤት ማለት በር፣ ምጣድ፣ የዘር እህልና ላም ነው። የቸርዌል ማስታወሻ ይህን ሁሉ በቶን አካፈለው።

ታዲያ ብላኬት ርኅሩኅ ስለነበረ ነው የተቃወመው? አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደዚያ ያቀርቡታል፤ እኛ ግን ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ያ ሰው ሰርጓጅ መርከብ ከነሰዎቹ የሚሰምጥበትን መንገድ ያቃና ነው፤ በዚያም ተጸጽቶ አያውቅም። ናዚዎች መሸነፍ አለባቸው ብሎ ያምን ነበር። የእርሱ ክርክር በመጀመሪያ «አይሠራም» የሚል ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ፣ በወታደር ላይ የሚደረገውን ጦርነት ትቶ በሕፃንና በሴት ላይ ማዞር ማሸነፍ ካልቻለ አዛዥ የሚመጣ ስንፍና ነው የሚል ነው። ርኅራኄ ብቻ ቢሆን «የዋህ ነህ» ብለው ባለፉት ነበር። እርሱ ግን በራሳቸው ሚዛን መዝኖ ነው ስሕተታቸውን ያሳያቸው። የርኅራኄ ክርክር ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ፊዚክስና ሒሳብ የተማረ ሰው በዚያ ማዕድ ላይ ከሌላው ተጨማሪ የሚያመጣው ነገር ካለ ይህ ነው።

አቶሚክ ቦምብ ሲመጣም ነገሩ ተደገመ። በ1941 ቦምቡ በእንግሊዝ አገር ሊሠራ ይችላል ብሎ በወሰነው ኮሚቴ ውስጥ የለም፣ በጦርነት ላይ ያለች እንግሊዝ ብቻዋን በተባለው ጊዜ አትጨርሰውም፣ አሜሪካ ላይ ይሠራ ያለው ብላኬት ብቻ ነበር። የሆነውም እንደዚያው ነው። በ1945 መጨረሻ ደግሞ እንግሊዝ የራሷን ቦምብ መሥራት የለባትም ብሎ ለመንግሥት ማስታወሻ አቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ማስታወሻውን የጣለው፣ በፖለቲካና በጦር ጉዳይ የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው በሚል ምክንያት ነበር። ይህን የተባለው በጁትላንድ የተዋጋው ሰው ነው! በ1947 መጀመሪያ መንግሥት ቦምቡን ለመሥራት በምስጢር ወሰነ፤ በ1952 ተፈተነ፤ ብላኬትም በመከላከያ ጉዳይ ከሚማከሩት ሰዎች ተርታ ለብዙ ዓመት ራቀ።

በ1948 ስለ አቶም ኃይል የጦርና የፖለቲካ ውጤት መጽሐፍ አሳተመ። በሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ከሁለተኛው ጦርነት የመጨረሻ ተግባርነቱ ይልቅ ከሩሲያ ጋር ለተከፈተው ቀዝቃዛ ጦርነት የመጀመሪያው ተግባር ነበር የሚል ሐሳብ ስላቀረበ በአሜሪካና በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ብዙ ተሰደበ። የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ የኖቤል ሽልማት የሰጠው በዚያው መጸው ነው። ስድቡና ሽልማቱ በአንድ ወቅት ደረሱት። በመጽሐፉ ሁሉ እንስማማለን ማለት አይደለም። የአቶም ቦምብ ብቻውን ጦርነት አይወስንም ብሎ የጻፈው በ1945 በነበሩት ቦምቦች ልክ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሃይድሮጅን ቦምብ ሲመጣ ያ ክፍል አርጅቷል።

ለእኛ ዓይነት አገር የበለጠ የሚቀርበው ግን በሕንድ የሠራው ሥራ ነው። በ1947 ሕንድ ነፃ ልትወጣ ስትል ጃዋሃርላል ኔህሩ ጦሩን በሕንዶች እጅ ለማድረግና ሳይንስን ለመከላከያ ለማዋል ምክር ጠየቀው። በ1948 ያቀረበው ሪፖርት አጭር ሐሳብ ነበረው፤ ድሃ አገር የኃያላንን መሣሪያ ልኮርጅ ብላ ገንዘቧንና ጥቂት ሊቃውንቷን አትጨርስ፤ አቶምና መርዝ ጋዝ ይቅርባት፤ ቀላሉንና በራሷ ፋብሪካ ልትሠራው የምትችለውን ትሥራ፤ ከሁሉ በፊት ግን ያላትን በትክክል እንዴት እንደምትጠቀምበት ታጥና። ሕንድ ከምክሩ ከፊሉን ወሰደች፤ ከፊሉን ግን አልወሰደችም፤ በ1974 በግንቦት የራሷን የአቶም ፈንጂ ፈተነች። ብላኬት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ።

ይህን ስናነብ የራሳችን አገር ባሕር ኃይል ትዝ አለን። በ1955 ተቋቁሞ፣ በምጽዋ ኮሌጅ ከፍቶ፣ በኖርዌይ መኰንኖች እየታገዘ ብዙ ወጣቶችን በመርከብ ጉዞ፣ በሒሳብና በኤሌክትሪክ ያስተማረ ድርጅት ነበር። በ1991 መርከቦቹ ወደ ጎረቤት አገር ወደቦች ሸሹ፤ በ1993 ኤርትራ ስትለይ ባሕሩ ራሱ ሄደ፤ በ1996 ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። በ2018 መንግሥት እንደገና እንደሚያቋቁመው አስታውቋል። በመኝታ ቤታችን ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ወደብና ስለ መርከብ ነው። በመርከቡ ላይ ስለሚሳፈረው ልጅ ግን አይነሣም። ያ የምጽዋ ኮሌጅ ያስተማራቸው ሰዎች ዕውቀት የት ገባ? ጦሩ አስተምሮት ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ የፈለገ መኰንን ቢኖር ማን በር ይከፍትለታል? እንግሊዞች ብላኬትን ያገኙት አንድ መኰንን ከመርከብ ወርዶ ፊዚክስ እንዲማር ስለተዉት ነው። ይህን ጥያቄ ለውይይቱ ሰዓት እንተወዋለን፤ ከመምህራኖቻችን መካከል ስለ ምጽዋ የሚያውቁ ቢነግሩን ደስ ይለናል።

የቀረን የብላኬት የመጨረሻው ሥራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሚሽከረከር ትልቅ አካል ሁሉ፣ መሬትም ሆነ ኮከብ፣ በመሽከርከሩ ብቻ ማግኔት ይሆናል የሚል ሐሳብ በ1947 አቀረበ። ለመፈተን ከእንግሊዝ ባንክ ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን ወርቅ ተዋሰ፤ እጅግ ደካማ ማግኔት የሚለይ መሣሪያም ሠራ። ወርቁ ከመሬት ጋር አብሮ ይሽከረከራልና፣ ሐሳቡ እውነት ከሆነ ቅንጣት ታህል ማግኔት ማሳየት ነበረበት። ምንም አላሳየም። ብላኬት በ1952 ሐሳቤ አልሠራም ብሎ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ፤ ወርቁንም መለሰ። መሣሪያው ግን ቀረ። እርሱም ድንጋይ ይለካበት ጀመር።

እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች በዚያን ጊዜ የነበረውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይደርቃሉ። በምድር ወገብ አጠገብ የቀዘቀዘ ድንጋይ አቅጣጫው አግድም ነው፤ ወደ ዋልታ በቀረበ ቁጥር ወደ መሬት እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋዩ የተወለደበትን ኬክሮስ ይናገራል። የብላኬት ጓደኞች የሕንድን የደካን ጥቁር ድንጋይ በለኩ ጊዜ፣ ያ ድንጋይ ሲፈስ ሕንድ ከምድር ወገብ በስተደቡብ እንደነበረች አገኙ። አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ ገና ብዙዎች የሚስቁበት በነበረበት በ1950ዎቹ፣ ብላኬት ከደጋፊዎቹ አንዱ ሆነ። በ1965 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ 1970 አገለገለ።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ስንወርድ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ለደካን የሩቅ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በፈሰሰ ባዛልት የተሠራ ነው፤ ያ ገደል ደግሞ አፋር ከደጋው ሲላቀቅ የወረደ ደረጃ ነው። አዲስ አበባም ለማግኔቱ የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በ1957 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን አቋቁመዋል። ያን ድንጋይ ለመለካት መርከብም መድፍም አያስፈልግም። ከእኛ መካከል የጂኦሎጂ ክፍል ተማሪዎች ሁለቱ በመጪው ዕረፍት ወደዚያ ለመውረድ አስበዋል፤ በቅሎ ያለው ይንገራቸው።

ጊዜያችን አልቋል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።